ጣሪያው ላይ የምትስቀው ልጅ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የቀለሙ ሽታ የሚቀሰቅስብህ ሳል ተሻለህ ወይ? እኛ አለን፤ መኖር ከተባለ። ከጎርፉ ወዲህ የተጠለልነው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንሶላ በጋረድነው ጥግ ነው።

ሰላምታው ይብቃና ወደ ንዴቴ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ወንድምሽ አገር ምድሩን አስጨበጨበ ብላ ሥዕልህን በስልኳ አሳየችኝ። ቤታችን በውሃ ተከብቧል፤ ልጄ ጣሪያው ላይ ቆማ፣ ቢጫ አበባ ይዛ ትስቃለች፤ ከኋላዋ ፀሐይ ትወጣለች። ስሙንም «ነገ» ብለኸዋል።

የምን ነገ ነው? የማን ነገ? ያን ቀን ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጄ ጣሪያ ላይ አልወጣችም፤ አልሳቀችም። እማዬ እያለች ነው ከእጄ ያመለጠችው። አንተ በየትኛው ዓይንህ አየኸው? ለቀብሯ እንኳ መንገድ ተቆርጧል ብለህ ቀርተሃል፤ በዚያው መንገድ ጋዜጠኛው ሁሉ በመኪና ሲመላለስ።

ደውዬ ስጮህብህስ ምን አልከኝ? እትዬ፣ ሰው እኮ ተስፋ ያስፈልገዋል፣ የተጎዳውን ላጽናና ብዬ ነው አልከኝ። እኔ ሰው አይደለሁም? ከሐዘኔ እየቆረስክ ለሰው ስታጎርስ፣ እኔን እንኳ ቅመሺ አላልከኝም!

ባለቤቴን ታውቀዋለህ፣ ዝምተኛ ነው። ሥዕሉን ካላስወረድኩ ብሎ ሥዕሉ ወደተሰቀለበት ኤግዚቢሽን ሄደ። ዘበኛው በር ሊዘጋ ሲል ለምኖ ነው አሉ ያስወጣው። ሲመለስ፣ አስወረድከው ወይ አልኩት። ወንድምሽ ዓይኗን አልሳተውም አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሆዴ አንተንም እሱንም ረገምኩ። ከዚያ ወዲህ ግን የልብስ ሰፊዋን ስልክ ስንቴ እንደለመንኩ እሷ ትንገርህ።

አሁን ደግሞ ሥዕሉን ለአንድ ትልቅ ሆቴል ልትሰጠው ነው ሲሉ ሰማሁ። እንዳታደርገው! እንግዳ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ሊያልፋት ነው? ፀሐይዋን አጥፋት፤ አበባውንም አጥፋው፤ ውሸት ናቸው። ፊቷን ግን እንዳትነካ፤ ብሩሽህ እንዳይደርስባት። ለሰው እንዳትልክ፣ ራስህ ተሸክመህ አምጣት። ውሃው ፎቶዎቿን ሁሉ ወስዶ፣ የምንሰቅለው አንድም ፊት አልተወልንም።

ንዴቴ አልበረደም፤ ቢሆንም እጅህን ይባርክልኝ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።

እህትህ፣ እናቷ