ሦስተኛዋ ሸሚዝ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ጠመኔ» የሚሏቸው እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ይህን የምትጽፈውን ታናሽ እህታቸውን አዝለው ያሳደጓት፣ ኋላም ስፌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1964 ዓ.ም. ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ከዓይናቸው የምታመልጥ ክር ስላልነበረች በአምስት ዓመት ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። የተበላሸ ስፌት ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፤ ስሙም ከዚያ ወጣላቸው። ያኔ ምላሳቸውም ከመቀሳቸው አይተናነስም ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከፋብሪካው መካኒክ ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1975 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ ሰፊ የነበረችው ታናሻቸው የክፍሉ ኃላፊ ልትሆን ታጨች። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ሳታስተውል ኮሌታ ገልብጣ መስፋት ጀመረች። እትዬ ጠመኔ ሦስተኛዋ ሸሚዝ ላይ አዩ፤ ዝም ብለው አለፉ። የተበላሸው ሸሚዝ ስልሳ ሲሞላ ሥራ አስኪያጁ ፊት አንድ በአንድ እያነሱ አሳዩ። ሹመቱ ቀረ።

በሳምንቱ ቤቷ ሄደው፣ «ሦስተኛዋ ላይ አይቼ ነበር። አለቃዬ ልትሆኚ መሆኑ አንገበገበኝ» አሏት። «ከቤቴ ውጪልኝ» አለቻቸው፤ ሁለት ዓመትም ደጃቸውን አልረገጠችም።

ከዚያ ወዲያ ጀማሪ ሳሉ ገልብጠው የሰፏትን እጅጌ ከሣጥን አውጥተው በጋዋናቸው ኪስ መያዝ ጀመሩ። ስህተት ሲያዩ ኪሳቸውን ነካ አድርገው «ለሸሚዟ ነው ወይስ ለራሴ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ለራሳቸው ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ጠጥተው ይመጣሉ። ስህተቱን ማለፍ ግን የለም፤ ሌላ ሸሚዝ ሳይበላሽ ይመለሳሉ። ዝቅ ያለች መቀመጫ ስበው፣ ያቺን እጅጌ አስቀድመው አሳይተው፣ በጆሮዋ ነግረዋት ከሠራተኛዋ ጋር አብረው ይተረትራሉ። «እትዬ ጠመኔ ውሃ ሊጠጡ ከሄዱ ስፌትሽን እዪ» እየተባለ ይሳቅ ነበር። ታናሻቸውም ይህን ሁሉ ከማሽኗ ሆና ስታይ ቆይታ ታረቀቻቸው።

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በኩላሊት ሕመም ተኝተው ሳሉ ታናሻቸውን፣ «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ጻፊው። ሦስተኛዋን ሸሚዝ እንዳታልፊያት» ብለው አዘዙ። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ታናሻቸው መጀመሪያ የጻፈችው ታሪክ ከስልሳው ሸሚዝ ይጀምር ነበር። ጨርሳ ስታነበው «ለእሳቸው ነው ወይስ ለራሴ?» አለችና ቀደደችው። ይኸኛው ውሃ ጠጥታ የጻፈችው ነው።

የሰውን ጥፋት በጆሮ እንደተናገሩ፣ ፈጣሪም የእሳቸውን በጆሯቸው ብቻ ይንገራቸው፤ ነፍሳቸውንም በምሕረቱ ያሳርፍልን።