የድንገተኛ ክፍላችን «ኮሎኔል» ማረፋቸውን አስመልክቶ ከሆስፒታሉ የወጣ የሀዘን መግለጫ

ሆስፒታላችንን ለረጅም ዓመታት በነርስነት፣ ኋላም በድንገተኛ ክፍል ኃላፊነት ያገለገሉት፣ በሠራተኛውም በታካሚውም ዘንድ «ኮሎኔል» በመባል የሚታወቁት ባልደረባችን ባደረባቸው የልብ ሕመም እዚሁ በሆስፒታላችን ሲረዱ ቆይተው ትናንት ከሰዓት በኋላ አርፈዋል። የሆስፒታሉ አስተዳደርና መላው ሠራተኛ የተሰማንን መሪር ሀዘን እየገለጽን፣ ቀጥሎ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን ያጠናቀርነው በቤተሰባቸው ፈቃድ፣ እንዲያውም በቤተሰባቸው ጠያቂነት መሆኑን ለማሳወቅ እንወዳለን።

«ኮሎኔል» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ነን። ሠራዊቱ ያሰናበታቸው በአሥር አለቃነት ነበር። ድንገተኛ ክፍል በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ሐኪሙም ጥበቃውም እሳቸውን ሲያይ ቀጥ ብሎ መቆም ስለጀመረ፣ አሥር አለቃነቱ አነሰ ተባለ። እሳቸውም «ደመወዙ ካልጨመረ ምን ይሠራልኛል?» ብለው ስቀው ተቀበሉት።

የኮሎኔል ባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጦርነቱ እንደተጀመረ ዘምተው፣ ልጃቸውን ሳያዩ በዚያው ቀሩ። በተከታዩ ዓመት ለጤና ባለሙያዎች የዘመቻ ጥሪ ሲተላለፍ፣ ኮሎኔል ከነርስ ትምህርት ቤት ከተመረቁ ገና ብዙም ያልቆዩ ወጣት እናት ነበሩ። ግዳጁ ለስድስት ወር ነው ተብሏል። ልጁ ወንበር ተደግፎ መቆም መለማመድ ጀምሯል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህታቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ሕፃኑን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

«ስድስት ወር ምን አላት?» አሏቸው ለታናሽ እህታቸው። «ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ስትገልጪ ታልቃለች።»

ስድስት ወሩ ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ።

ኮሎኔል እነዚያን ዓመታት ያሳለፉት ከግንባሩ ጀርባ በተተከለ የድንኳን ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወሩንም። ያወቅነው ከእጃቸው ነው። የቁስለኛ ሱሪ የሚቀድድ ተለማማጅ ሲያዩ መቀሱን ይቀበሉና «በስፌቱ በኩል ቅደደው፤ ሰውዬው ነገ ተነስቶ ይለብሰዋል» ይሉ ነበር። ምግብ የሚበሉት ቆመው ነው። የብረት አልጋ ወለል ላይ ሲጎተት የሚያሰማውን ድምፅ መታገሥ ስለማይችሉ፣ የአልጋዎቹን ጎማ ዘይት የሚቀቡት ራሳቸው ነበሩ። የጥገና ክፍል ሠራተኞች «ሥራችንን ቀሙን» እያሉ ያማርሩ እንደነበር ይታወሳል።

ከሠራዊቱ ተሰናብተው ሲመለሱ ልጃቸው አንደኛ ክፍል ገብቶ ነበር። ታላቅ እህታቸው እንደነገሩን፣ ኮሎኔል የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ሲቆሙ ልጁ ስፌት መኪናው ሥር በባዶ የክር እንጨት ይጫወት ነበር። ሮጦ የእህታቸውን ቀሚስ ያዘና «እማዬ፣ ይቺ ወታደር ማናት?» አለ። ታላቅ እህታቸው «እናትህ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ኮሎኔል ቀደሟቸው።

«አክስትህ ነኝ» አሉት።

ልጁ ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ታላቅ እህታቸው በቁጣ ጠየቋቸው። «ምን ነካሽ? ልጁ ያንቺ ነው። በአደራ ነው የያዝኩልሽ፤ ውሰጂው!»

«እትዬ፣ ከእናቱ አንድ ጊዜ ተለይቷል» አሉ ኮሎኔል። «ሁለተኛ ልለየው?»

በዚያው ዓመት ሆስፒታላችን ቀጠራቸው። በድንገተኛ ክፍል የተረኛ ነርሶች አስተባባሪ፣ ቀጥሎም የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል። የአውቶቡስ ግጭት በደረሰበት ዓመት፣ ቁስለኞቹ ኮሪደሩን ሞልተው ሳለ ማን ቀድሞ ወደ ኦፕራሲዮን እንደሚገባ በአንድ እይታ የለዩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በክፍሉ የሚሠሩት ነርሶች አብዛኞቹ በእሳቸው እጅ የሠለጠኑ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ግን ልጅ እንዳላቸው የሚያውቅ አልነበረም። «የእህቴ ልጅ ታሟል»፣ «የእህቴ ልጅ ፈተና አለፈ» ሲሉ እንሰማ ነበር። እኛም እንዲህ ያለች አክስት ለሁሉም ይስጥ እንል ነበር።

ዓመታት አልፈው ሌላ ጦርነት መጣ። ልጁ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ ሥራ ይዞ ሳለ፣ በፈቃዱ ለመዝመት ተመዘገበ። ኮሎኔል የግል ጉዳይ አለኝ ብለው ከሥራ ሲቀሩ ያየነው ያኔ ብቻ ነው። እህታቸው ቤት ሄደው፣ እንዳይሄድ ለመኑት።

«አክስቴ፣ አንቺስ ዘምተሽ የለም እንዴ?» አላቸው። «ደግሞ እማዬ እሺ ብላኛለች። አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ኮሎኔል «እውነትህን ነው» ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ።

ታላቅ እህታቸው ይህን መሸከም አልቻሉም። ሊሸኙት አውቶቡስ መናኸሪያ በሄዱበት ጠዋት፣ ሻንጣውን ከመጫኑ በፊት ክንዱን ይዘው «አትሂድ ያለችህ ማን እንደሆነች ታውቃለህ? የወለደችህ ናት» አሉት። ልጁ ሻንጣውን ጫነ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ በመስኮቱም አልተመለከተም።

በቀጣዩ ዓመት ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ወደ ሆስፒታላችን ሲገቡ፣ እግሩን የተመታው ልጃቸው በኮሎኔል ተረኝነት ከአምቡላንስ ወረደ። ኮሎኔል ቃሬዛውን ይዘው ከጎኑ ሮጡ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ እንደ ደንቡ «ለቁስለኛው ምኑ ነዎት?» ስትላቸው፣ «አክስቱ» ብለው መለሱ።

ያን ጊዜ ወጣቱ ራሱን አልሳተም ነበር። «ሰምቻለሁ» ሲል ነግሮናል። «ከኔ የምትጠበቀው አንዲት ቃል ነበረች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።»

እግሩን ማትረፍ አልተቻለም። ሰው ሠራሽ እግር እስኪለምድ ድረስ ኮሎኔል ከሥራ በወጡ ቁጥር ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል እየሄዱ አጠገቡ ይቆሙ ነበር። ሲወድቅ አያነሱትም። «ተነስ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» ይሉታል። በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ታላቅ እህታቸው ስለነገሯቸው፣ እውነቱን ማወቁን እሳቸው ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም እሱ ያውቃል። ሆኖም «አክስቴ» ማለቱን አልተወም።

ስለዚህ ጉዳይ እንዲህ ብሏል፦ «መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ቂሙ ሲወጣልኝ ደግሞ አፈርኩ። ይህን ያህል ዘመን ‹አክስቴ› ሲል የኖረ አፍ በየት በኩል ዞሮ ‹እማዬ› ይላል? ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል፣ እሷ ስለ እግሬ ትጠይቀኛለች፤ ስለ እግሬ አውርተን እንለያያለን።»

ኮሎኔል ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ልባቸው ደከመና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው የሴቶች ዋርድ ተኙ። ልጃቸው ከሥራ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ትናንትም መጣ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ደረጃውን በሰው ሠራሽ እግሩ ቀስ እያለ ወጣ። «እየወጣሁ ቃሉን እለማመድ ነበር» ብሎናል። «ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው እንዳይሰማኝ። በየደረጃው አንድ ጊዜ።» ዋርዱ ሲደርስ ነርሶቹ ከባዶ አልጋቸው ላይ አንሶላውን አንስተው ነበር።

የዚህን መግለጫ ረቂቅ ዛሬ ጠዋት ለቤተሰቡ ስናነብ፣ ከሠራተኛ ማኅደራቸው አግኝተን «የእህታቸው ልጅ» ብለን ጽፈን ነበር። ታላቅ እህታቸው እዚያ ላይ አስቆሙን።

«ይቺን ቃል አውጧት» አሉ። «እኔ አሳድጌዋለሁ፤ ማሳደጌን ማንም አይወስድብኝም። ልጁ ግን የሷ ነው። እሷ ለሱና ለኔ ስትል አፏን ዘግታ ኖረች። እናንተ ምን ዕዳ አለባችሁ? ተናገሩላት።»

ልጃቸውን ምን ትላለህ ብለን ጠየቅነው። «እንደሱ ይጻፍ» አለ።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ነገ ረፋዱ ላይ ይፈጸማል። ተረኛ ያልሆናችሁ ባልደረቦች በሙሉ በቦታው እንድትገኙ እናሳስባለን። ድንገተኛ ክፍሉ አይዘጋም።

ሆስፒታላችን ለታላቅ እህታቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩና በእጃቸው ለሠለጠኑ ባልደረቦች፣ በእጃቸው ለዳኑ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለልጃቸውም፣ በእናቱ ሞት የተሰማንን ሀዘን እንገልጻለን።

የሆስፒታሉ አስተዳደርና ሠራተኞች