ሴረም ሲጨመር የጠፋው ብርሃን

ጥቅምት 6
ቤተ ሙከራ ውስጥ ለማሳድጋቸው ሕዋሶች ምግብ ስቀይር እናቴ ደወለች። «በላሽ?» «መጀመሪያ እነሱ ይብሉ።» «ደግሞ ለሕዋስ!» ሳቀች። ጎረቤቱ ከአሁኑ «የዶክተሯ እናት» ይላታል አሉ። ምኑ ተይዞ?

ጥቅምት 9
የቤተ ሙከራችን ኩራት አንዲት አንቲቦዲ፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ ናት። የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ላይ ያለችን አንዲት ተቀባይ፣ ሪሴፕተር፣ ብቻ ፈልጋ ትይዛለች፣ ከያዘች አረንጓዴ ታበራለች... ይባላል። አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ ስም ያተረፉት በሷ ነው። የኔም የዶክትሬት መመረቂያ እሷ ላይ ቆሟል።
ዛሬ ሪሴፕተሯ የተነቀለችባቸው ሕዋሳት ላይ ጨመርኳት። መጨለም ነበረበት። ቦግ አለ! ምን ይዛ ነው የምታበራው?

ጥቅምት 14
ገባኝ። አንቲቦዲ በክንዷ ትይዛለች፤ ግን ጭራም አላት፣ ጭራዋ ያገኘው ሕዋስ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ነው ሌላው ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሴረም የሚባለውን የደም ውሃ የሚጨምረው፤ ጭራው የሚለጠፍበትን ቦታ ይሸፍናል። እኛ ጋ ሴረም ነውር ነው። ፕሮፌሰሩ «ብርሃኑን ያደበዝዛል» ብለው ከከለከሉ ቆዩ፤ እኛም አሜን። እኔም ጭምር።
ጨመርኩ። ደበዘዘ እንዴ? ጠፋ እንጂ። ሪሴፕተሯ ባለችበትም በሌለችበትም። አንቲቦዲዋ አትሠራም። ሠርታም አታውቅም።

ጥቅምት 17
«ጥፋቱ የእጅሽ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ምስሉን ገና ሳያዩ።
«ደጋግሜዋለሁ።»
«ይሄ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ አወቅሽ?»
«አዎ።»
ምላሴን ብነክሰው ይሻል ነበር? አይሻልም። መልሱ አዎ ነው።

ጥቅምት 21
እሺታ መጣች። አብራኝ የምትሠራው ናት፤ ለሁሉ እሺ ስለምትል ያወጣሁላት ስም ነው። በሩን ዘጋች። «በድብቅ ደገምኩት። እኔም ጋ ጠፋ።» አቀፍኳት። «ስብሰባው ላይ ትናገሪያለሽ?» «እሺ።»

ጥቅምት 24
ስብሰባ። ፕሮፌሰሩ እሺታን «ላንቺስ ይሠራል?» አሏት። «ለእኔ ይሠራል» አለች ጫማዋን እያየች። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ ግን አየኋት፤ እስክትወጣ።

ኅዳር 2
ፕሮፌሰሩ የሴረሙን ውጤት ከመመረቂያ ጽሑፍሽ አውጪ አሉኝ፣ ካልሆነ አይፈርሙም። «አዲሱ ጥናት ላይ ስምሽን ሁለተኛ አደርገዋለሁ» ብለው ደግሞ ሊያባብሉኝ! «ስሜን እንዳይነኩት» አልኩ።
እናቴ፦ «ተይ ልጄ። ቅል ከድንጋይ ቢጋጭ የሚሰበረው ማን ነው?»
«እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ።»
«ውሸት ነው ወይ ብሎ ማን ጠየቀሽ?»
ማንም። ነገሩ እሱ ነው።

ኅዳር 5
አላወጣሁም። አልፈረሙም።

ጥር 19
ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ደም እወስዳለሁ፣ ብልቃጡ ላይ ስም እጽፋለሁ፣ «ቀጣይ!» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ «እጅሽ ይባረክ፣ መርፌው እንኳ አልተሰማኝም» አሉኝ። ፕሮፌሰሩ ቢሰሙ... ሳቄ መጣ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 11
የፕሮፌሰሩ አዲሱ ጥናት ታተመ። ስሜ አለበት። ሁለተኛ። ደወልኩላቸው። «ውለታ ነው፣ ወደፊት ታመሰግኚኛለሽ» አሉ። ስሜን አውጡልኝ ብዬ ለአሳታሚው ጻፍኩ፤ «ፕሮፌሰሩን ያነጋግሩ» አሉኝ። እናቴ ስልኳን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች። «ይኸውና ስሟ! የኔ ልጅ!» ምን ብዬ ላስጥላት?

ሰኔ 3
የማላውቀው ቁጥር። ሌላ ከተማ የምትማር ልጅ ናት፤ ስሜን ጥናቱ ላይ አይታ ስልኬን ከእሺታ ተቀብላለች። «እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንቲቦዲዋ እኔ ጋ በሴረም ትጠፋለች። ለአማካሪዬ ብነግረው ያለሷ መመረቂያ የለሽም አለኝ። እርስዎ ስለሠሩባት... ልናገር ወይስ ልተወው?»
ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ በሕልሜ መለስኩት! አዎ፣ ተናገሪ፣ እውነት ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ... ሁሉም አፌ ላይ ነበር። ወረፋ የያዙት በሽተኞች ያዩኛሉ። ልጅቷ ትጠብቃለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።
«መጀመሪያ ተመረቂ» አልኳት።
«እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋች። ድምጿ ቀለል ብሏል።
እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? እኔ ነኝ።
መልሼ ደወልኩ። አታነሳም።