ልጄን ድኅረ ቅኝ ግዛት ስላስጀመሩልኝ

ለተከበሩ የድኅረ ቅኝ ግዛት ጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉሮሮዎም ብርታት እመኛለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ስሆን፣ ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎ ስለነበረችው ልጄ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስላስጀመሯት ንባብ። ልጄ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ይዛ የመጣች ዕለት፣ ልብስ ከምትተኩሰው እናቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ከባዕዱ ቋንቋ ወደ ቤታችን ቋንቋ እየመለሰች ታነብላት ጀመር። ገዢዎች ከሄዱ በኋላም በሰው አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚቀሩ የሚተርከው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ካውያዋን አስቀመጠች። በልጅነቷ በትምህርት ቤት ግቢ በእናቷ ቋንቋ ስትናገር ተሰምታ፣ «ደንቆሮ ነኝ» የሚል ሰሌዳ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎባት ፀሐይ ላይ መዋሏን ነገረቻት። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ለእኔ እንኳ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ፣ እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥብቅ ሥርዓትዎ። ልጄ ይህንኑ ለክፍሉ ልታካፍል ተነሥታ፣ የእናቷን ቃል እናቷ እንዳለችው በቋንቋችን ስትጀምር፣ ክቡርነትዎ በፈገግታ አቋርጠው፣ በማስተማሪያው ቋንቋ መናገር የማይችል ሰው ቢያዳምጥ እንደሚሻለው መክረዋታል። ክፍሉም ስቋል። እርግጥ ነው፣ ሰሌዳ አላንጠለጠሉባትም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍሬው። ልጄ መጻሕፍቱን መልሳ ትምህርቱን ተወች። ባለቤቴ ግን ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ፣ ምነው ያን ዕለት አፌን በያዘው፣ ባልነግራት ኖሮ መሳቂያ አትሆንብኝም ነበር ትላለች። አሁን ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

ከዕውቀትዎ ደጃፍ ውጭ ቆሜ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የተማሪዎ፣ ይቅርታ፣ የቀድሞ ተማሪዎ አባት።

ማስታወሻ፦ ልጄ አሁን የባሕር ማዶ ደንበኞችን በስልክ በሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። መሥሪያ ቤቱ ለደንበኞቹ አፍ የሚቀል ሌላ ስም አውጥቶላታል። ድንገት ይቅርታ ሊጠይቋት ቢደውሉ፣ እኛ ባወጣንላት ስም አይጠሯት፤ እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ የለችም ይሉዎታል። እናቷንም እንዲሁ ብለዋታል።