ሳንቃን ንካ ማን አለህ?

ጣቴ ብረት ነካ። ነገሩ የተበላሸው እዚያች ላይ ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እግሩን አነባብሮ ከፊታችን ተቀምጧል። ባንዳችንን ይቀጥር አይቀጥር እንደሆነ በዚያች አንድ ዘፈን ሊወስን ነው። እኔ ከማስተምርበት ክፍል የጠመኔ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ሮጬ ደርሻለሁ። የመድረኩ መብራት ገና አልበራም። አንተ ዘንድ የነበረውን ቤዝ ጊታሬን አንተው አንገቴ ላይ አጠለቅክልኝና «ቃኝቼልሻለሁ፣ በይ ግቢ» አልከኝ። ድራመሩ ቆጠረ። የመግቢያውን ረጅም ድምፅ ከታች ወደ ላይ ላንሸራትት ወፍራሙን ክር ተጫንኩ፤ ጣቴም ጉብ ጉብ ካለ ነገር ጋር ተላተመ። እንደ ዘይት መፍሰስ የነበረበት ድምፅ ደረጃ እንደሚወርድ ሰካራም እየተንገዳገደ ወጣ። መብራቱ ሲበራ ቁልቁል አየሁ። በገዛ እጄ ፈግፍጌ ያለሰለስኩት የቤዜ አንገት ከዳር እስከ ዳር አዲስ ፍሬት፣ ቃና የሚከፋፍለው የብረት ዘንግ፣ ተመትቶበት ያብለጨልጫል። አንተ ደግሞ ጊታርህን እንደያዝክ በማይክ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አሁን ገና ቃናሽ ተስተካከለ!» አልከኝ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ሰላምታውን ማስቀደም ነበረብኝ። እናታችን ብታየኝ «ልጄ፣ ደብዳቤም እንደ ቤት ነው፣ ሳያንኳኩ አይገባበትም» ትለኝ ነበር። እሺ፣ ይኸው አንኳኳሁ። እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። እናታችንም ደህና ናት፤ «ታላቅሽ ነው፣ ቻይው» ማለቷን ግን አልተወችም። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ጋሼ ብዬህ ነው ያደግሁት። በዚህ ደብዳቤ ጋሼ አልልህም። ቀድሞ መወለድ ብቻውን ጋሼ አያሰኝም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትል። ደውዬልህ ነበር። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ስልህ «እሺ» አልከኝ። «አሁን የት ነህ?» ስልህም «እሺ፣ እሺ» ብለህ ዘጋኸው። እኔ የናቅኸኝ መስሎኝ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ስለዚህ በጽሑፍ አደረግሁት፤ ቢያንስ ጽሑፍ ደግመህ ታነበዋለህ።

ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ሱቅ አብረን የሄድንበትን ቀን አትረሳውም። አንተ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ባለ አምስት ክር ቀይ ቤዝ፣ ያን እንደ ሙሽራ መኪና የሚያብረቀርቀውን፣ ካላነሳሽ ብለህ ሙጭጭ አልክ። እኔ ጥግ የተወሸቀውን፣ ቀለሙ የተላላጠውን፣ ከባዱን ባለ አራት ክር አነሳሁ። አምፕሊፋየር ላይ ሳልሰካው አገጬን ጠርዙ ላይ አስደግፌ ክሩን መታሁት። ድምፁ በመንጋጋዬ ገብቶ ደረቴ ድረስ ወረደ። እንዲህ አድርጎ መምረጥን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። «ስፒከር ይዋሻል፣ እንጨት አይዋሽም፤ በአጥንትሽ ስሚው» ትለኝ ነበር። ባለ ሱቁ «እህትህ ዕቃዬን ልትነክስብኝ ነው እንዴ?» ሲልህ፣ «ተዋት፣ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ የበር ሳንቃ ነው የወደደችው» ብለህ ሳቅክ። ስሙ ሳንቃ ሆኖ የቀረው በአንተ አፍ ነው።

ፍሬቶቹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዷን ብረት በመበየጃ አሙቄ፣ እንጨቱ አብሮ እንዳይፈነቀል ትንፋሼን ይዤ፣ በጉጠት ጫፍ እየቆነጠጥኩ አወጣኋት። የቀረውን ስንጥቅ የሞላሁት ተማሪ ሳለሁ መስመር ያሰመርኩበትን የእንጨት ማስመሪያ ሰንጥቄ ነው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ጣቴ እስኪላጥ ፈገፈግሁ። ያኔ «ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ አደረግሽው!» ብለህ ቀልደሃል። እኔም «ቫዮሊን ፍሬት አለው? ድምፃዊት ጉሮሮዋ ላይ ፍሬት አላት?» ብዬህ ነበር። ፍሬት የሌለው ቤዝ ምሕረት አያውቅም። ብረቱ ጣትህን አያርምልህም፤ የፀጉር ያህል ከሳትክ ያጋልጥሃል። በዚያ እንጨት ላይ ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደተዋረድኩ ጎረቤት ይመስክር። በኋላ ግን እናታችን እንኳ «ይሄ ነገር ያመዋል እንዴ?» ማለቷን ትታ፣ ልብስ እያጠፈች አብራው ማንጎራጎር ጀመረች። አንተም ታውቃለህ። በር ላይ ቆመህ ትሰማኝ ነበር።

ፍሬቱ ብቻ ቢሆን! ለስላሳዎቹን ክሮቼን አውልቀህ የሚያፏጭ ብረት አስረህበታል። የቀጭን ድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙረህ፣ ወደ ኋላ እንዳልመልሰው በፕላስተር አጣብቀኸዋል። በፕላስተር! የሰው ቤት ገብተህ የሰውን መስኮት ብታሽግ ከዚህ አይብስም። ድራመራችን ነጎድጓድ ደግሞ ከኋላዬ ያልከውን ነገረኝ። «የእህቴ ጆሮ ልክ አይደለም፣ ቃና ትስታለች፤ ፍሬት ካልተመታላት ታዋርደናለች» ብለሃቸዋል። እሱም «እኛ እኮ የሳተችበት ቦታ አልሰማንም» ቢልህ፣ «እናንተ ደግሞ ምን ትሰማላችሁ!» ብለህ ጮኸህበታል። ሥራ አስኪያጁ ፊት ሳንቃን አውልቄ ስወርድም «ሂጂ፣ ቤዝ የሚይዝ ሰው ሞልቷል» አልክ። ሰውየው «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙና ተመለሱ» ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ያንን ሥራ ማን እንዳሳጣን ለባንዱ ነግረሃቸዋል? ወይስ እሱም የእኔ ጆሮ ጥፋት ነው?

በማግሥቱ ፍሬቱን የመታልህ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት። ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ፣ «እህቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ጥርስ ሲተከልለት የሚቆጣ ድዳም አይቼ አላውቅም» አለኝ። ስድቤን አዘጋጅቼ ሳለሁ እሱ ወሬውን ቀጠለ። «ደግሞ ወንድምሽ ሙዚቃ ሲወድ! እኔ ክሩን እየመታሁ ስሞክርለት፣ ስፒከሩ መስኮቱን እያንቀጠቀጠው፣ እሱ ተነሥቶ መጣና አገጩን እንጨቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። 'ድገመው' ይለኛል፣ እደግማለሁ። 'አሁንም ድገመው' ይላል። የሚስመው መስሎኝ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ» አለኝ።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ከጠጋኙ ጋር እኩል ሳቅሁ። ጥግ ዞሬ ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ግን ሳቄን ትቼ የራሴን አገጭ ዳሰስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያሰብኩትን ሁሉ አልጽፍልህም። ሰው ሲያናግርህ ሁልጊዜ የግራ ጎንህን የምትሰጠውን አሰብኩ። ድምፃዊታችንን «አታንሾካሽኪ፣ ዝፈኚ!» ብለህ ያስለቀስካትን ቀን አሰብኩ፤ ልጅቷ እኮ እየጮኸች ነበር። ልምምድ ላይ ጫማህን አውልቀህ እግርህን የቤዙ ስፒከር ላይ ስትጭን «ይሄ ጉራህ!» እያልኩ የሳቅኩብህን አሰብኩ። ስልኩንም አሰብኩት። ለካ ለስላሳው ድምፅ ከጆሮህ ስለራቀ ነው ብረት ያስመታኸው።

ይህን ሁሉ ሳገጣጥም ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ባሰበት! ምክንያቱም ሸክሙ ከብዶህ ከሆነ «እህቴ፣ ያዢልኝ» ማለት ትችል ነበር። አንተ ግን በጨለማ ጀርባዬ ላይ ጭነኸው፣ ሲነጋ ለሰው «አያችሁ፣ እህቴ ጎብጣለች» አልክ። አንድ ቃል ብትነግረኝ ሳንቃን እኔው ራሴ ይዤ ጠጋኙ ዘንድ እሄድልህ ነበር። ፍሬት ካስፈለገህ ሌላ አንገት እገጥምለት ነበር፤ አራት ቡሎን መፍታት ነው ሥራው። ቀዩን ቤዝ እንኳ እገዛልህ ነበር! አንተ ግን እውነት ከምትነግረኝ እኔን ውሸታም ማድረግ ቀለለህ።

ፍሬቶችህን ነቅያቸዋለሁ። ጠጋኝህ በማጣበቂያ ስለቸከላቸው ሁለት ቦታ ላይ እንጨቱ አብሮ ተነሣ። ከማስመሪያዬ የተረፈች ቁራጭ ነበረችኝ፣ በእሷ ሞላሁት። ጠባሳው ይታያል፤ ይታይ። ፕላስተሩን ልጬ ቁልፉን ወደ ቦታው መልሻለሁ። የነቀልኳቸው ብረቶች ነጎድጓድ በሚያደርስልህ ፖስታ ውስጥ ናቸው። ለጊታርህ አይሆኑህም፤ ለምን እንደላክኋቸው ግን ታውቃለህ።

ሐሙስ ልምምድ አለ፣ እመጣለሁም። ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ካገኘሁት በትሕትና «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል» እለዋለሁ፤ በትሕትና ካልሰማኝ ነጎድጓድ አለልኝ። አንተ ግን ቀድመህ እኛ ቤት ና። አምፕሊፋየር አልከፍትም። አገጭህን ሳንቃ ላይ ታሳርፋለህ፣ እኔ እመታለሁ። ያኔ በአጥንትህ ሰምተህ ቃና ሳትኩ ካልከኝ፣ መዶሻውን ራሴ አቀብልሃለሁ።

ፈጣሪ ያለህን ያቆይልህ። ጣቶችህን ይባርክ፤ ከእነሱ የተማርኩትን አልክድም። እናታችን ትስምሃለች። ይህን ደብዳቤ አላነበብኩላትም፤ የምትነግራት አንተ ነህ።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልንገርህና ልጨርስ። ሳንቃን ማንም ሳያስፈቅደኝ ሲነካው አልቀበልም። የሌላ ሰው ጉድለት በእኔ ስም ሲጠራ አልቀበልም። «ቻይው» የሚለውን ቃል ከእናታችንም ቢሆን አልቀበልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ላልሰማኸው ነገር የምትመልስልኝን «እሺ» አልቀበልም።

ታናሽ እህትህ