ቡድንህ እኔ ሰፈር መጣ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ክረምት ስል የኛን ዝናብ ሳይሆን የዚህን አገር ብርድና ጨለማ ማለቴ ነው። እስካሁን ስላልጻፍኩልህ አትቀየመኝ። ልጽፍልህ በተቀመጥኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣልኝ ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ላንተ መንገር አሳፈረኝ። ዛሬ ግን ሥራ የለኝም፣ ሰበብም አለቀብኝ፣ እና ልንገርህ። ያ የምትወደው የበረዶ ሆኪ ቡድንህ ብሪክስተንን ለቆ ሄደ። የሄደውም ሩቅ አይደለም። እዚሁ ለንደን ውስጥ ቶተንሃም፣ ከኔ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ካውንስሉ የመንግሥት ቤትህን ለሌላ ቤተሰብ ሰጠው። መስኮቱ ላይ ደማቅ ቢጫ መጋረጃ ሰቅለዋል፤ ብታየው አንድ ነገር ሳትናገር አታልፍም ነበር። ስትነዳው የነበረው አውቶቡስ ዛሬም በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ ሾፌሮቹ ግን ሁሉም ልጆች ናቸው፣ ፍሬን ሲይዙ አንገት ይሰብራሉ። የበረዶ ሜዳው ፈርሷል። ባለቤቶቹ መሬቱን ሸጡት፣ ዙሪያውን አጥር ታጠረ፣ አሁን ፎቅ እየተሠራበት ነው። ቡድኑ ማደሪያ ሲያጣ ጊዜ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተሰደደ። እኛ ስደተኞቹ እንኳ ከብሪክስተን ሳንነቀል እሱ ቀደመን።

እንዴት እንደጀመርከው ታስታውሳለህ? ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነበር። እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ ተከፋፍሎ፣ ሰው ሰርግ ቤት እንኳ የሚቀመጠው በፓርቲው ሆኖ ነበር። ስብሰባ ሄደህ ተሳድበህና ተሰድበህ ትመለሳለህ፣ ከዚያ ሌሊቱን ደምህ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ከጋራዡ የሥራ ባልደረባህ ትርፍ ትኬት ሰጠህና ሄድክ። ማታ ደውለህ እየሳቅክ የነገርከኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ጎልማሳ ሁሉ እግሩ ላይ ቢላዋ አስሮ አንዲት ጥቁር ጎማ ሲያሳድድ አየሁ፣ ደሞ ማንም የማን ወገን ነህ ብሎ አልጠየቀኝም አልከኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሌላ እሑድ አልነበረህም።

ጋሽ ተኽለንም ያገኘኸው እዚያው ነው። እሳቸው ኤርትራዊ፣ አንተ ኢትዮጵያዊ፤ ሁለቱ መንግሥታት ሰላም በማይባባሉበት ዘመን እናንተ አንድ ብርድ ልብስ ጉልበታችሁ ላይ ትዘረጉ ነበር። አሥመራ ተማሪ ቤት የተማሩት አማርኛቸው ካንተ አማርኛ ይጠራል ብለህ ትቀና ነበር። ያንን ከአዲስ አበባ ያስመጣኸውን ከበሮም ሁለታችሁ ናችሁ በአውቶቡስ ያጓጓዛችሁት። የደብሩ ሰዎች ለማኅሌት የሚሆነውን ለጨዋታ አዋለው ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ይሄኛው አልተባረከም ብለህ አፋቸውን አስያዝካቸው። ቡድኑ ሲመራ እንደ ማኅሌት ቀስ እያልክ፣ ጎል ሲገባ እንደ ሰርግ እያጣደፍክ ስትመታው እንግሊዞቹ በጭብጨባ ይከተሉህ ነበር አሉ። ሞሪን፣ ከኋላችሁ የምትቀመጠው አሮጊት፣ እልልታ ተምራ ነበር። እኔም ኋላ ላይ ሰምቻታለሁ፤ ሊያስነጥሳት ይመስላል።

አሉ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። ስንት ጊዜ ጠርተኸኛል! ሩቅ ነው አባዬ እል ነበር። ከቶተንሃም ብሪክስተን በአንድ ባቡር የሚኬድ መንገድ ነው፤ ወርደህ መቀየር እንኳ የለበትም። ይሄን ላንተ መንገር አያስፈልግም፣ ታውቀው ነበር፣ አውቀህም ዝም አልከኝ።

ስታርፍ ደጋፊዎቹ ቀይ የአንገት ልብሳቸውን አድርገው ለቅሶ መጡ። ጋሽ ተኽለ፣ በኛ ወግ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም ብለው አስረድተዋቸው ኖሮ፣ ሞሪን ሦስቱንም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠች። ምስር ወጥ እየበላች እንባዋ ይወርድ ነበር። ከሐዘኑ ይሁን ከበርበሬው አላወቅንም፣ ግን ከዘመድ በላይ ሆነችልን። ከበሮውን ለጋሽ ተኽለ ሰጠኋቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሜዳው ሊፈርስ ሲል ደጋፊዎቹ፣ ቡድኑ ከሄደ አንከተልም ብለው ተስማሙ። እንግሊዞቹ ቢሆኑ ትኬት አንገዛም ብለው ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ጋሽ ተኽለ ግን ነገሩን ለቅሶ አደረጉት። በየእሑዱ፣ ጨዋታው ይጀመርበት በነበረው ሰዓት፣ ከአጥሩ ፊት ለፊት ያለችው ካፌ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ። ከበሮው በነጠላ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ አይመታም። እኔንም ደውለው፣ “ሰብለ፣ የአባትሽ ቤት ፈረሰ እኮ፤ ለቅሶ አትደርሺም?” አሉኝ። ሄድኩ። ሁሉም በየተራ አዲሱ ሜዳ አልሄድም አለ። የኔ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ የባለ ከበሮው ልጅ ነኛ። አልሄድም ማለት አነሰብኝ። በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን መጥቼ የማላውቀው ሴትዮ፣ በዚያች ደቂቃ ከሁሉም የበለጥኩ ታማኝ መሆን አማረኝና፣ እዚያ ሜዳ እግሬ ቢረግጥ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ ብዬ ማልኩ። ጋሽ ተኽለ ሲተረጉሙት ሞሪን መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አቀፈችኝ።

ማንም አጥንትህን አልጠየቀኝም ነበር አባዬ። እኔ ነኝ አውጥቼ ሰው ፊት ያስቀመጥኩት።

ያንን መሐላ አፈረስኩት። እንዴት መሰለህ፣ ካፖርትህን ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ ብዬ ላውንድሪ ሰጥቼው ነበር። ሲመለስ ሳሙና ሳሙና ይላል። ያ ጠረንህ፣ እርጥብ ጎማና ብርድ፣ የድንች ጥብስ ላይ የሚያርከፈክፉት ኮምጣጤ፣ አብሮ ታጥቦ ሄደ። በገዛ እጄ አጠፋሁት። ከዚያ አንድ እሑድ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ በአዲሱ ሜዳ በር በኩል አለፍኩ። በሩ ሲከፈት ጠረንህ ፊቴን መታኝ። እውነቴን ነው፣ የመጣህ መሰለኝ። ትንሽ ላሽትት ብዬ ገባሁና እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

ቡድንህ ጎል ሲያገባ ሳላስበው እልልታ አመለጠኝ። ቤቱ በሙሉ ዞረ። አጠገቤ የነበረ ቀይ የአንገት ልብስ ያደረገ ሰውዬ ፈገግ ብሎ፣ ከድሮዎቹ ነሽ፣ ከብሪክስተን ነው የመጣሽው አለኝ። አይደለሁም፣ የዚሁ ሰፈር ነኝ አልኩት። ወሬው ካፌው ቢደርስስ ብዬ ፈርቼ ነው። ደሞ ዘመድ ነበረሽ እዚያ ሲለኝ፣ ማንም የለኝም አልኩ። ዶሮ አልጮኸም እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ነበር።

በዚያ ባቆም ይቅር ይባል ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድም ሄድኩ፣ ከዚያም በኋላ። ላንተ ብዬ ነው ብልህ ውሸት ነው። የመጀመሪያው ቀን ላንተ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ለራሴ ነው። ጨዋታው ይጥማል አባዬ! ተጫዋቾቹ ያንን ጥቁር ጎማ ቀድመው መስመሩን ማለፍ ለምን እንደማይፈቀድላቸው ሹካና ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ ደርድረህ ስታስረዳኝ፣ እኔ ስልኬን እያየሁ እሺ፣ እሺ እልህ ነበር። አሁን ገባኝ። ሲገባኝ ወደ ጎን ዞሬ ልነግርህ አልኩ፤ ያ ቀይ የአንገት ልብስ ያደረገው ሰውዬ ነው ያለው። ከልቤ የሳቅኩበት ቀንም አለ። ቤት ስገባ በሳቄ አለቀስኩ።

ለጋሽ ተኽለ ደግሞ ሥራ ነኝ እላቸዋለሁ። “ዛሬም ሺፍት አለሽ?” ይሉኛል በስልክ። “አዎ ጋሼ፣ ኦቨርታይም ገብቼ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።” “ምንም አይደል ልጄ፣ ልብሽ እዚህ እንዳለ እናውቃለን።” ልቤ የት እንዳለ ቢያውቁ! ቆይቶ ስሰማ፣ ልጅ ከወለዱ አይቀር እንደሷ ነው እያሉ ለካፌው ሰው ያወሩልኛል። በዚህ መሐል ለቀስተኛው ተመናመነ። ሞሪን ልጇ ጋ፣ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ገባች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ፤ ከፊሎቹን አዲሱ ሜዳ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ፣ አይተውኛልም፣ ተያይተን ፊታችንን አዞርን።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ልናዘዝ ብዬ ብሪክስተን ሄድኩ። ጋሽ ተኽለ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ሲያዩኝ ደስታቸው አንጀቴን በላው፣ ወንበር ሊስቡልኝ ሲነሱ እጃቸውን ይዤ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ መሐላውን፣ እልልታውን፣ ማንም የለኝም ያልኩትን፣ የውሸት ሺፍቱን።

ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ሻያቸውን አማስለው አማስለው፣ “ስንት ለስንት ወጡ?” አሉኝ።

ምን እንደሚሉ አልገባኝም ነበር። “ባለፈው እሑድ፣ ስንት ለስንት ወጡ?”

ስድስት ለአንድ ተሸነፉ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። እውነትም ይበላቸው፣ ጥለውን ሄደው ያሸንፉ እንዴ ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ወዲያው ግን አፍረው አቀረቀሩ፣ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሌላ ሆኗል። “አንዷን ማን አገባት?” አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማቸው። ግራኙ ልጅ ነው አልኳቸው፣ አንተ ተስፋ አለው የምትለው። “አውቄዋለሁ” አሉና በካፌው ናፕኪን ዓይናቸውን ጠረጉ።

እስኪመሽ ጠየቁኝ። በረኛው ተቀየረ ወይ፣ ጉልበቱን ያመመው ልጅ ዳነ ወይ፣ ከበሮ የሚመታ ሰው አለ ወይ። ከበሮ የለም፣ የፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚደበድቡት ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ የወሬ ረሃብ ይዟቸው፣ እኔ እየጠገብኩ ሥራ ነኝ እላቸው ነበር። ይምጡ፣ አብረን እንሂድ አልኳቸው። እምቢ አሉ። “እኔ ቃሌን አልሰብርም፣ አንቺ ግን ሂጂ፤ ማታ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ። ስለ መሐላው አትጠይቂኝ። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ብሆንም ካቶሊክ ነኝ። አጥንቱ የአባትሽ ነው፣ ከሱ ጋር ጨርሺ።”

ይኸው ልጨርስ ነው የጻፍኩልህ። በአጥንትህ የማልኩት ለፍቅርህ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነበር። ያፈረስኩት ደግሞ ናፍቄህ ነበር። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም፤ ለሁለቱም ይቅር በለኝ። ዳግመኛ በአንተ አልምልም። የምገባልህ ቃል ያለ መሐላ ነው።

ትናንት ሄጄ ነበር። ያ ሰውዬ እንደ ልማዱ አጠገቤ ተቀመጠ። ጨዋታው ሳይጀመር፣ የዋሸሁህ ነገር አለ አልኩት። ከብሪክስተን ነኝ፣ አባቴ እዚያ ከበሮ ይመታ ነበር፣ ሞቷል አልኩት። ወደኔ ዞረና፣ ስሙ ማን ነበር አለኝ። ቀለመወርቅ አልኩት። ሞከረው፣ አልቻለም። የመጀመሪያው ፊደል አስቸገረው። ጎማዋ በረዶው ላይ ወድቃ ጨዋታው ሲጀመር እንኳ አልተውኩትም፤ እየቆራረስኩ፣ አፌን እያሳየሁ፣ አጥርቶ እስኪጠራህ ድረስ ደጋገምኩለት።

እስካለሁ ድረስ እንዲህ ነው የማስታውስህ፤ ለማያውቅህ እየነገርኩ።

እማዬን ካገኘሃት ሳምልኝ።

ልጅህ ሰብለ