ሳትታይ ዳነች ስለተባለችው ቀኝ ዓይኔ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ሐረር

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ፈላና በር አጠገብ ብቻዬን የምኖር፣ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ባልቴት ነኝ።

ከደጃችሁ የለጠፋችሁትን ሰንጠረዥ በቀረችኝ ግራ ዓይኔ ተጠግቼ አነበብሁት። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይናቸው ያመረቀዘባቸው ካቻምና አሥራ አንድ፣ አምና ሰባት፣ ዘንድሮ ዜሮ። እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። እልል ከማለቴ በፊት ግን ጥቂት ነገር በትሕትና ላስታውስዎ።

አንደኛ፣ የቀኝ ዓይኔን ሞራ ዘንድሮ በኅዳር የገፈፋችሁልኝ እናንተው ናችሁ። ያን ቀን ጎረቤቴ ሩቂያ አብራኝ ነበረች። በአራተኛው ቀን ለቀጠሮ ስመጣ ግን እሷ ለለቅሶ ገጠር ሄዳ ስለነበር፣ ዓይኔ እየጠዘጠዘኝ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ብቻዬን መጣሁ። ዘበኛችሁ አስታማሚ የሌለው እንደማይገባ በጨዋ ደንብ ነግሮ መለሰኝ። ደንቡ ለደኅንነቴ የወጣ ነውና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ከደጃችሁ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ሩቂያ ከለቅሶው መጥታ ድሬዳዋ ወስዳ ስታሳየኝ ዓይኔ መግል ቋጥራ አልቆላት ነበር። በእናንተ ካርድ ላይ ግን «ከቀጠሮ ቀርታለች» ተብሎ ተጽፏል፤ ያልተመለሰ ሁሉ እንደ ዳነ እንደሚቆጠርም መዝጋቢዋ በደግነት አስረድታኛለች። አልፈርድባትም። እኔም በሥራ ዘመኔ ጠያቂ ያልመጣለትን አቤቱታ «ጉዳዩ ተፈጽሟል» ብዬ አሽጌ አስቀምጥ ነበር፤ ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳዳንሁት ሳስበው አሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሦስተኛም ነበረኝ፣ ረሳሁት። ብቻውን የሚኖር ሰው አስታዋሽ የለውም።

ግራ ዓይኔንም ሞራ ጋርዷታል፤ ለየካቲት ቀጥራችሁኛል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። እሷ ከጠፋች ቤቴ ውስጥ ሌላ የሚያይልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ብቻውን የመጣን በሽተኛ ዘበኛው እንዲያስገባው፣ ዜሮው ላይም እኔን አንድ ብለው እንዲቆጥሩኝ እለምናለሁ።

በቀረችኝ አንድ ዓይን ሙሉ አክብሮቴን የምልክልዎ፣
ከቀጠሮዋ ቀርታ የማታውቀው
ሥርጉት አማኑኤል

ማስታወሻ፦ ሩቂያ በዚህ ወር መጨረሻ ልጇ ዘንድ ጅግጅጋ ትገባለች፤ የየካቲቱ ዕለት አስታማሚ የለኝም። ከደጅ ከተመለስሁ እባክዎ ግራዋንም ድናለች ብለው ይመዝግቡልኝ፤ በወረቀት ላይ እንኳ ሁለት ዓይን ይኑረኝ።